አል-ጃሒዝ፦ ለእንስሳት የሰጠውን ፍትሕ ለኢማም አሕመድ የነፈገው ሊቅ



ወጣቶቻችን ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች አሉ። ፍጥረታት እየተለወጡ መጡ የሚለውን ትምህርት እንዴት እንየው? በሌሎች ፕላኔቶች ላይ ፍጡራን አሉ ቢባል ከእምነታችን ጋር ይጋጫልን? እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀ ሰውስ ምን ሊደረግ ይገባዋል? ይመከራል፣ ይገሠጻል ወይስ ይገደዳል?

እነዚህ ጥያቄዎች ትናንት የመጡ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ነገር ግን ከ1,150 ዓመታት በፊት በዒራቅ የኖረ አንድ ሙስሊም ጸሐፊ ስለ ፍጥረታት ትግልና ለውጥ፣ ስለማይታዩ ፍጡራን ወሬ ጽፏል። ሰውን በዐቂዳው ምክንያት ማሰር በተፈቀደበት ዘመንም ኖሯል። ስሙ አቡ ዑስማን ዐምር ኢብኑ በሕር ይባላል። ዓለም የሚያውቀው ግን አል-ጃሒዝ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው።

በማኅበራዊ ሚዲያ ስሙ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ዳርዊንን በሺህ ዓመት የቀደመ ሙስሊም እየተባለ ነው። እኛም በዚህ ወሬ ደስ ብሎን አጋርተነው እናውቃለን። የሕይወት ታሪኩን ሙሉውን ስናነብ ግን ከዚህ የሚበልጥ ትምህርትም፣ ከዚህ የሚመር ትምህርትም አገኘንበት። ዛሬ ሁለቱንም ይዘን ቀርበናል።

የበስራው ዓሣ ሻጭ

አል-ጃሒዝ በ160 ዓመተ ሂጅራ (776 እ.ኤ.አ.) አካባቢ በበስራ ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ ስምም ሀብትም አልነበረውም፤ ከበኑ ኪናና ጎሣ ጋር በመውላነት የተጠጋ ነበር። አያቱ ግመል ነጂ የነበረ ጥቁር ሰው እንደሆነ የታሪክ መጻሕፍት ይዘግባሉ። ዘመናዊ ተመራማሪዎችም የዘር ግንዱ ወደ ሐበሻ ምድር ሳይመዘዝ እንዳልቀረ ጽፈዋል። ጃሒዝ የሚለው ቃል ዓይኑ ወደ ውጭ የፈጠጠ ማለት ነው። መልኩ ያማረ አልነበረም፤ በዚህም ከማንም በፊት የሚቀልደው እሱ ራሱ ነበር። አንዲት ሴት ይዛው ወደ ወርቅ አንጥረኛ ሄዳ፣ የሸይጧን ምስል እንዲቀረጽላት ለፈለገችው ቀለበት ይህን ሰው ተመልከት ብላ እንዳሳየችው እየሳቀ ይተርክ ነበር።

በልጅነቱ በበስራ በሚገኝ አንድ የውሃ ቦይ ዳር ዳቦና ዓሣ ይሸጥ ነበር። ከገበያ ሲመለስ ግን ልቡ ኪታብ ላይ ነው። እናቱ ሥራ ፈትቶ ማንበቡ አሳስቧት አንድ ቀን ምግብ ሲጠይቃት በትሪ ላይ የወረቀት ደብተሮቹን ደርድራ አቀረበችለት ይባላል። ከእነዚህ በቀር የምታመጣው የለም ማለቷ ነበር። ልጁ አዝኖ ወደ መስጂድ ሄደ። እዚያ ያገኘው አንድ ባለሀብት ነገሩን ሰምቶ 50 ዲናር ሰጠው። ዱቄቱን፣ ስንቁን በሸክም አስጭኖ ቤት ሲገባ እናቱ ይህ ከየት መጣ ብላ ጠየቀች። ካቀረብሽልኝ ደብተሮች ነው አላት።

በስራ ያኔ የዕውቀት ከተማ ነበረች። ዐረብኛን እንደ አል-አስመዒ እና አቡ ዑበይዳ ካሉ ታላላቅ የቋንቋ ሊቃውንት ቀሰመ። ሚርበድ በሚባለው የከተማዋ ገበያ ከበረሃ የሚመጡ በደዊዎችን ንግግር ያዳምጥ ነበር። የመጻሕፍት ገልባጮችን ሱቅ ለሌሊት ተከራይቶ እስኪነጋ ያነብ እንደነበርም ተዘግቧል። የክርክር ጥበብን ደግሞ ከሙዕተዚላው ሊቅ ከአን-ነዝዛም ተማረ። ይህ መምህሩ የሕይወቱን አቅጣጫ ወሰነ። አል-ጃሒዝ እስከ ዕለተ ሞቱ ሙዕተዚላ ነበር፤ ማለትም አቅልን ከፍ አድርጎ ከሚያይና በብዙ የዐቂዳ ጉዳዮች ከአህሉ ሱና ከተለየ ቡድን።

ወደ ባግዳድ

በ200 ዓመተ ሂጅራ (815/816 እ.ኤ.አ.) አካባቢ ስለ ኢማማ፣ ማለትም ስለ ሙስሊሞች መሪነት የጻፋቸው ጽሑፎች ኸሊፋው አል-መእሙን ዘንድ ደረሱ። ኸሊፋው ወደዳቸው። ድሃው ዓሣ ሻጭ የባግዳድ በር ተከፈተለት። በቤተ መንግሥቱ የጽሕፈት ክፍል ኃላፊ ሆኖ ተሹሞ ከሦስት ቀን በኋላ ሥራውን ጥሎ እንደወጣ ይነገራል። በሹመት ወንበር ላይ ታስሮ መቀመጥ ለእሱ አይሆንም ነበር። መጽሐፍ እየጻፈ ለታላላቅ ባለሥልጣናት ማበርከትን መረጠ፤ እነሱም በገንዘብ ያካክሱት ነበር።

የጻፋቸው ሥራዎች ወደ 200 እንደሚደርሱ ይገመታል፤ ሙሉ ሆነው የደረሱን ግን ጥቂቶቹ ናቸው። ስለ ስስታሞች የጻፈው ኪታቡል ቡኸላእ አንባቢን እስከ ዛሬ ያስቃል። ስለ ንግግር ጥበብ የጻፈው አል-በያን ወት-ተብዪን በዐረብኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ዋና ማጣቀሻ ነው። ከሁሉም የገዘፈው ግን ሰባት ክፍል ያለው ኪታቡል ሐየዋን፣ የእንስሳት መጽሐፍ ነው።

ኪታቡል ሐየዋን

ይህ መጽሐፍ ስለ እንስሳት ብቻ የተጻፈ አይደለም። ግጥም አለበት፣ ሐዲስ አለበት፣ ቀልድ አለበት፣ ክርክር አለበት። ዓላማው ግን ግልጽ ነው። አል-ጃሒዝ አላህ (ሱ.ወ) ከንቱ የፈጠረው ነገር የለም ብሎ ያምናል። ትንኝም ሆነች ዝሆን በውስጧ የፈጣሪን ጥበብ ትሸከማለች። ስለዚህ ትንኝን መመርመር ጊዜ ማባከን ሳይሆን ዒባዳ ነው። ሰዎች የሚንቁትን ፍጡር ሆን ብሎ አንስቶ ክብሩን ያሳያል።

መረጃውን የሰበሰበው ከመጻሕፍት ብቻ አልነበረም። ዓሣ አጥማጆችን፣ መርከበኞችን፣ ሥጋ ሻጮችን፣ እባብ አዳኞችን ይጠይቅ ነበር። የአሪስቶትልን የእንስሳት መጽሐፍ በዐረብኛ ትርጉም አንብቦ ብዙ ወስዶበታል፤ ማስረጃ ሲያጣለት ግን ፈላስፋው ታላቅ ነው ብሎ አላለፈውም፣ ተቸው። በዘመኑ ቀጭኔ ከግመል፣ ከላምና ከጅብ ተዳቅላ የተወለደች ናት የሚል ወሬ ነበር። አል-ጃሒዝ ይህን ወሬ እንዲሁ አልተቀበለውም፤ በጥርጣሬ ተመለከተው።

ዛሬ የሚያስገርመን ሁለት ሐሳቦቹ ናቸው። አንደኛው ፍጥረታት እርስ በርስ የተያያዙ ስለመሆናቸው ነው። አይጥ ምግብ ፍለጋ ትወጣለች፣ ከእሷ ያነሰውን ትበላለች፣ ከእሷ ከሚበረታው ትሸሻለች። እባቡ አይጥን ያድናል፣ እባቡም በተራው አዳኝ አለበት። ሁሉም ለመኖር ይታገላል፤ በዚህ ትግል ውስጥ ግን የአላህ ሚዛን አለ ይላል። ሁለተኛው ምድር፣ አየርና ውሃ የፍጥረታትን መልክ ስለመለወጣቸው ነው። በዐረቢያ የበኑ ሱለይም ምድር ድንጋዩ የተቃጠለ ጥቁር ነው። በዚያ ምድር የሚኖሩ ሰዎችም ሆኑ እንስሳት እስከ ነፍሳቱ ድረስ ወደ ጥቁረት እንደሚያደሉ ጽፏል።

በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ረጅሙ ክፍል በውሻና በአውራ ዶሮ መካከል የሚደረግ ሙግት ነው። አንዱ ተከራካሪ የውሻን ጥቅምና ጠባይ ይዘረዝራል፤ ሌላው የአውራ ዶሮን። እያንዳንዱ ወገን ያለውን ማስረጃ በሙሉ እንዲያቀርብ ይፈቀድለታል። ማንም አፉ አይያዝም። ይህን ነጥብ አንባቢዎቻችን ልብ እንዲሉልን እንፈልጋለን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለንና።

ዳርዊንን ቀድሟልን?

እዚህ ላይ ሐቁን መናገር ግዴታችን ነው። ዳርዊን መጽሐፉን ያሳተመው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው፤ አል-ጃሒዝ ከሞተ ወደ 990 ዓመታት ገደማ በኋላ። አል-ጃሒዝ የመኖር ትግልንና የአካባቢን ተጽዕኖ ማስተዋሉ እውነት ነው። ነገር ግን ፍጥረታት ሁሉ ከአንድ ግንድ ወጡ አላለም። በትውልዶች መካከል የሚከማቹ ጥቃቅን ልዩነቶች አዲስ ዝርያ ያስገኛሉ የሚል የተሟላ ንድፈ ሐሳብም አላቀረበም። እንዲያውም በዘመኑ እንደነበሩ ብዙዎች አንዳንድ ነፍሳት ያለ ወላጅ ከጭቃና ከብስባሽ ይፈጠራሉ ብሎ ያምን ነበር፤ ይህ ስሕተት መሆኑ ኋላ ተረጋግጧል።

ስለዚህ ዳርዊንን ቀደመ እያልን ስንኩራራ አል-ጃሒዝ ያላለውን እናስብለዋለን። በሌላ በኩል ስለ ፍጥረት ለውጥ የሚናገር ሁሉ ከዲን የወጣ ነው የሚል ሰው ደግሞ ለዚህ ሰው መልስ ያጣል። አል-ጃሒዝ በምድርና በአየር ተጽዕኖ የሚመጣን ለውጥ ሲጽፍ ከአላህ ሥልጣን ያወጣው አልመሰለውም። ውሃን ለማዝነብ ደመናን ሰበብ ያደረገ ጌታ፣ ቀለምን ለመለወጥ ምድርን ሰበብ ቢያደርግ ምን ይገርማል? የአባታችን የኣደም (ዐ.ሰ) አፈጣጠር በወሕይ የተነገረን ነው፤ በእሱ ላይ ሙስሊም አይደራደርም። በሌሎች ፍጥረታት ላይ የሚደረግ ምርምር ግን በማስረጃ የሚፈተን ዕውቀት ነው። ማስረጃው ይመዘናል፤ መርማሪው አይወገዝም።

የማይታዩ ፍጡራን ወሬ

ዛሬ ከሰማይ የወረዱ እንግዳ ፍጡራንን አየን የሚሉ ሰዎች በየሀገሩ አሉ። በአል-ጃሒዝ ዘመን ይህን ቦታ የያዘው የጂን ወሬ ነበር። በደዊዎች በበረሃ ከጂን ጋር ተነጋገርን፣ ከጂን ሴት አገባን፣ አብረናቸው በላን ይሉ ነበር። ቁርኣን የጂንን መኖር ያረጋገጠ ስለሆነ አል-ጃሒዝ ይህን አልካደም። ነገር ግን ጂን አለ ማለትና ትናንት ማታ ጂን አየሁ ያለ ሁሉ እውነቱን ነው ማለት አንድ እንዳልሆነ አሳየ።

የመምህሩን የአን-ነዝዛምን ማብራሪያም አስፍሯል። ሰው በምድረ በዳ ብቻውን ሲቆይ ሐሳቡ ይረበሻል። ትንሹ ነገር ትልቅ ይመስለዋል፣ የሌለው ድምፅ ይሰማዋል። ከዚያ ያየ የመሰለውን በግጥም ይገጥመዋል፣ ልጆቹ ግጥሙን ሰምተው ያድጋሉ፣ እነሱም በተራቸው በጨለማ ሲሄዱ የአባታቸውን ፍጡር ያያሉ። ዛሬ ስለ በራሪ ሳሕኖች ለሚነገረው ሁሉ ይህ ማብራሪያ ምንኛ ይስማማል!

ሌሎች ዓለማት መኖራቸውን በተመለከተ ግን ሊቃውንቶቻችን በሩን አልዘጉም። ከአል-ጃሒዝ ብዙ ቆይቶ የመጡት ታላቁ ሙፈሲር ፈኽሩዲን አር-ራዚ (በ606 ዓመተ ሂጅራ የሞቱ) አላህ የዓለማት ጌታ የተባለበትን አንቀጽ ሲያብራሩ፣ ከዚህ ዓለም ውጭ እጅግ ብዙ ዓለማትን መፍጠር ለአላህ የሚሳነው እንዳልሆነ ጽፈዋል። አላህ ይችላል ማለት አንድ ነገር ነው፤ አድርጓል ብሎ ለመናገር ግን ማስረጃ ያስፈልጋል። ሚዛኑ ይኸው ነው።

ሚሕና፦ ዐቂዳ በጅራፍ

እስካሁን የነገርናችሁ የሚያኮራውን ነው። አሁን ወደሚያመው እንግባ።

በ218 ዓመተ ሂጅራ (833 እ.ኤ.አ.) ኸሊፋው አል-መእሙን ለባግዳዱ አስተዳዳሪ ደብዳቤ ጻፈ። ቃዲዎችና የሐዲስ ሊቃውንት ተጠርተው ቁርኣን ፍጡር ነው ብለው እንዲመሰክሩ አዘዘ። ይህ የሙዕተዚላዎች አቋም ነበር። የአህሉ ሱና ሊቃውንት ግን ቁርኣን የአላህ ቃል ነው፣ ፍጡር አይደለም ብለው ያምናሉ። ፈተናው ሚሕና ተባለ። ብዙዎቹ ፈርተው የተባለውን አሉ። ኢማም አሕመድ ኢብኑ ሐንበልና ሙሐመድ ኢብኑ ኑሕ ግን እምቢ አሉ። በሰንሰለት ታስረው ወደ ኸሊፋው ተላኩ። ከመድረሳቸው በፊት ኸሊፋው ሞተ፤ ሙሐመድ ኢብኑ ኑሕም ሲመለሱ በመንገድ ላይ አረፉ።

ኢማም አሕመድ ታሠሩ። በኸሊፋው አል-ሙዕተሲም ፊት ቀርበው ከቁርኣን ወይም ከሱና ማስረጃ አምጡልኝ ከማለት ሌላ ቃል አልወጣቸውም። ሕሊናቸውን እስኪስቱ ተገረፉ። በቀጣዩ ኸሊፋ በአል-ዋሲቅ ዘመን ነገሩ ባሰ። የኢማም አሽ-ሻፊዒይ ተማሪ አል-ቡወይጢ በሰንሰለት እንደታሰሩ በእስር ቤት ሞቱ። አሕመድ ኢብኑ ነስር አል-ኹዛዒን ኸሊፋው በገዛ እጁ ገደላቸው፤ ራሳቸውም በባግዳድ ለዓመታት ተሰቅሎ ቆየ። በ231 ዓመተ ሂጅራ ከሮማውያን ጋር የምርኮኞች ልውውጥ ሲደረግ የሙስሊም ምርኮኞች ሳይቀሩ ተፈተኑ። ቁርኣን ፍጡር ነው ያለው ነፃ ወጣ፤ እምቢ ያለው በጠላት እጅ ተተወ።

በዚህ ሁሉ ጊዜ አል-ጃሒዝ የት ነበር? ከፈታኞቹ ጎን። ወዳጁና ደጋፊው ሚኒስትሩ ኢብኑ አዝ-ዘያት ነበር፤ ኪታቡል ሐየዋንን ያበረከተው ለእሱ ነው፤ 5,000 ዲናርም ተቀብሎበታል። አል-በያን ወት-ተብዪንን ያበረከተው ደግሞ የሚሕናው ዋና መሪ ለነበረው ለዋና ቃዲው ለኢብኑ አቢ ዱዓድ ነው። ይህም አልበቃውም። ፈተናውን የሚደግፍ፣ የኢማም አሕመድን ግርፋት የሚያቃልል ጽሑፍ ጻፈ።

ለውሻና ለአውራ ዶሮ ሙግት ሜዳ የከፈተ ብዕር፣ ለአህሉ ሱናው ኢማም ሲደርስ ጅራፉን ደገፈ። አን-ነዝዛምን በነፃነት ያዳመጠ፣ አሪስቶትልን በነፃነት የተቸ ሰው፣ ሌላው ሙስሊም በገዛ ዐቂዳው ላይ ያንኑ ነፃነት ሲጠይቅ ነፈገው። ነፃነትን ወደደ፤ የወደደው ግን ለራሱ ነበር።

የገዛ ወገኑ ምድጃ

ኢብኑ አዝ-ዘያት ሰዎችን የሚያሠቃይበት በውስጡ ሹል ብረት የተሰካበት ምድጃ አሠርቶ ነበር። ሰው ይዘንልኝ ሲለው ምሕረት የባሕርይ ድክመት ነው ብሎ ይመልስ እንደነበር ይነገራል። በ232 ዓመተ ሂጅራ (847 እ.ኤ.አ.) አል-ሙተወኪል ሥልጣን ያዘ። አዲሱ ኸሊፋ ይህን ሚኒስትር ይጠላው ነበር፤ በገዛ ምድጃው ውስጥ ከተተው፤ በ233 ዓመተ ሂጅራም ሞተ።

አል-ጃሒዝ ሸሸ። ለምን እንደሸሸ ሲጠየቅ በምድጃው ውስጥ ሁለተኛ እንዳልሆን ፈራሁ ብሎ መለሰ። ተይዞ በሰንሰለት ታስሮ፣ አንዲት ቀሚስ ብቻ ለብሶ ወደ ኢብኑ አቢ ዱዓድ ቀረበ። ሁለቱ ባለሥልጣናት ጠላቶች ስለነበሩ የአንዱ ወዳጅ የሌላው ተጠርጣሪ ነበር። አል-ጃሒዝ በምላሱ ጥበብ ይቅርታ አገኘ፤ ሰንሰለቱ ተፈታለት፣ ገላውን ታጥቦ ልብስ ተሰጠው። የራሱ ወገን ሰንሰለት ምን ያህል እንደሚከብድ በገዛ እግሩ አየው።

አል-ሙተወኪል ሚሕናን አቆመ፤ ኢማም አሕመድም ተከበሩ። ሙስሊሞች እፎይ አሉ። ታሪክ ግን እዚያ ላይ አላበቃም። ይኸው ኸሊፋ ክርስቲያኖችና አይሁዶች በልብሳቸው ቀለም እንዲለዩ አዘዘ፤ የሑሰይንን (ረ.ዐ) መቃብር አስፈረሰ። የማስገደጃው ዱላ አልተሰበረም፤ እጅ ብቻ ቀየረ። አል-ጃሒዝም ለአዲሱ ቤተ መንግሥት ብዕሩን አቀረበ። በክርስቲያኖች ላይ የጻፈውን መልስ እንዲጨርስ ከኸሊፋው የቅርብ ሰው ከአል-ፈትሕ ኢብኑ ኻቃን ማበረታቻ ደብዳቤ መጥቶለት ነበር። ለልጆቹ አስተማሪ ሊያደርገው የጠራው ኸሊፋ ግን መልኩን ባየ ጊዜ ደንግጦ 10,000 ዲርሃም ሰጥቶ አሰናበተው ይባላል።

ነጃሺን ያወደሰው ብዕር

አል-ጃሒዝ ጥቁሮች በነጮች ላይ ስላላቸው ክብር የጻፈው አንድ ጽሑፍ አለ። በዚህ ጽሑፍ ጥቁረት ቅጣት ወይም ጉድለት ሳይሆን ከምድሩና ከፀሐዩ ጠባይ የመጣ የአላህ አፈጣጠር መሆኑን ይከራከራል። በኪታቡል ሐየዋን ያቀረበው የበኑ ሱለይም ምድር ማስረጃ እዚህም ተመልሶ ይመጣል። የፍጥረት ምርምሩ ሰውን በቀለሙ ለሚንቅ ሁሉ መልስ ሆነ። ከጥቁሮች መኩሪያ አድርጎ ከዘረዘራቸው መካከል ሉቅማን፣ ቢላል (ረ.ዐ) እና ንጉሥ ነጃሺ ይገኙበታል።

ለእኛ ለሐበሻ ሙስሊሞች ነጃሺ ማለት ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። በ615 እ.ኤ.አ. አካባቢ ሶሓቦች ከመካ ስደት ወደ ሀገራችን ሲገቡ፣ ያ ክርስቲያን ንጉሥ ሃይማኖታችሁን ለውጡ አላላቸውም። የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው አሳልፈህ ስጠን ሲሉት ሁለቱንም ወገን ሰማ፤ ስጦታውን መለሰ፤ ስደተኞቹን አላስነካም። ኋላም እስልምናን ተቀበለ፤ ማንም ግን አላስገደደውም።

አል-ጃሒዝ ነጃሺን አወደሰ፤ የነጃሺን ፍርድ ግን አልተከተለም። ሁለቱንም ወገን መስማት፣ የደካማውን ሕሊና መጠበቅ፣ ይህ ነው የነጃሺ ትምህርት። በሚሕናው ችሎት ነጃሺ ቢቀመጥ ኖሮ ኢማም አሕመድ አይገረፉም ነበር።

የሀገራችን ሙስሊሞች የሚሕናን ጣዕም ከመጽሐፍ ብቻ አያውቁትም። ከ1878 እ.ኤ.አ. የቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ሲገደዱ እንደ ሸይኽ ጠልሃ ያሉ ዑለሞች እምቢ ብለው ተነሡ። በ2004 ዓ.ም. ደግሞ ብዙ ሺህ ሙስሊሞች መንግሥት የአንድን ቡድን አስተምህሮ እየጫነብን ነው ብለው በየመስጂዱ ድምፃችን ይሰማ ሲሉ ያልሰማ ጆሮ አልነበረም። ስለዚህ የኢማም አሕመድን ሕመም እናውቀዋለን። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። ነገ ሥልጣን፣ ሚንበር ወይም ብዙኃን ከእኛ ጋር ሲሆኑ፣ ከእኛ የተለየ ዐቂዳ ለያዘ ሰው፣ ስለ ፍጥረት ግራ የሚያጋባ ጥያቄ ለጠየቀ ተማሪ ምን እናደርጋለን? እናስረዳዋለን ወይስ እናስፈራራዋለን?

የመጨረሻ ዘመኑ

አል-ጃሒዝ በእርጅናው ወደ በስራ ተመለሰ። ግማሽ አካሉ ሽባ ሆነ። አንዱ ጎኑ በመቀስ ቢቆረጥ የማይሰማው፣ ሌላው ጎኑ ዝንብ ብታርፍበት የሚያሠቃየው እንደሆነ ለጠያቂዎቹ ይነግር ነበር። በዚያ ሁኔታም ማንበብና መጻፍ አላቆመም። በ255 ዓመተ ሂጅራ (868/869 እ.ኤ.አ.) ከ90 ዓመት በላይ ኖሮ አረፈ። የመጻሕፍት ክምር ተደርምሶበት ሞተ የሚለው ታሪክ የታወቀ ቢሆንም፣ ኋላ የተነገረ ትረካ ነው።

ከአህሉ ሱና ሊቃውንት ኢብኑ ቁተይባ በጽኑ ተችተውታል። አዝ-ዘሀቢ ደግሞ በቢድዓው ቢወቅሱትም የዕውቀቱን ስፋት አልደበቁም። ይህ የሊቃውንቶቻችን ፍትሐዊነት ያስደንቀናል። ኢማማቸውን የገረፈውን ወገን የደገፈ ሰው መጽሐፍ አላቃጠሉም። ስሕተቱን ለይተው አሳዩ፣ ጥቅሙን ወሰዱ፣ ለትውልድ አስተላለፉ። ኪታቡል ሐየዋን ዛሬ በእጃችን የገባው እነዚያ ለዘመናት የገለበጡትና የጠበቁት ሙስሊሞች ስላሉ ነው። አል-ጃሒዝ ለኢማም አሕመድ የነፈገውን ፍትሕ የኢማም አሕመድ ወገኖች ለአል-ጃሒዝ ሰጡት።

ኢማም አሕመድን የገረፈው ጅራፍ የሙዕተዚላን ዐቂዳ አላጸናም። ሚሕናው ከተጀመረ 15 ዓመት ገደማ ቆይቶ ተሻረ፤ ሙዕተዚላዎችም ከሥልጣን ማማ ወረዱ። ቁርኣን በዲን ማስገደድ የለም ብሎ ያስተማረውን ትተው በዱላ ያጸኑት ዐቂዳ ዱላው ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ስለ ትንኝና ስለ ዝሆን በነፃነት የተጻፈው መጽሐፍ ግን እስከ ዛሬ ይነበባል።

ውድ አንባቢዎቻችን፣ ልጆቻችሁ ስለ ዝግመተ ለውጥ፣ ስለ ሌሎች ዓለማት ፍጡራን ሲጠይቁ አትቆጧቸው። ቁጭ ብላችሁ ስሟቸው፤ የማታውቁትን አዋቂ ጠይቁላቸው። የሚሰማው ያጣ ጥያቄ ቤቱን ለቅቆ ይሄዳል።

አላህ ሐቅን ሐቅ አድርጎ ያሳየን፣ እንድንከተለውም ይርዳን። በሌሎች ላይ ከመበደልም፣ በሌሎች ከመበደልም ይጠብቀን። ኣሚን።

ወላሁ አዕለም።